የሞንቲቸሎው የወይን ጠጅ ጓዳ፦ ግድግዳ፣ ቁልፍና መዝገብ

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰን ቤት በሆነው በሞንቲቸሎ፣ የምግብ ክፍል ውስጥ ያለው የእሳት ምድጃ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የትልቅ ቤት ምድጃ ነው። ጠጋ ብለው ጎኑን ሲያዩ ግን ጠባብ በር አለችው፤ በሌላኛው ጎኑም እንዲሁ። በሯ ስትከፈት በገመድና በመዘውር የሚወጣና የሚወርድ ቀጭን ሳጥን ይታያል። ሳጥኑ የሚወርደው በቀጥታ ከወለሉ ሥር ወዳለው የወይን ጠጅ ጓዳ ነው። ታች የቆመ ሰው ጠርሙሱን ያስቀምጣል፣ ላይ ያለው ገመዱን ይስባል፣ ጠርሙሱም ከግድግዳው ውስጥ ወጥቶ እንግዶቹ ፊት ይቀርባል። ከታች ያለውን ሰው ከእንግዶቹ አንድም የሚያየው የለም።

እዚያ ድረስ የወሰደኝ አንድ የከሰርኩት ሳጥን ነው። ልጄ ክርስትና በተነሳችበት ዓመት 12 ጠርሙስ ቀይ የቦርዶ ወይን ጠጅ ገዝቼ፣ ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ እንከፍተዋለን ብዬ አስቀምጬ ነበር። ያስቀመጥኩት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ባለው ቤታችን ቤዝመንት፣ ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ አንዱን ሳነሳው ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ በላይ የጥፍር ያህል ብቅ ብሏል፣ አንገቱ ላይ የደረቀ ቀይ ዝቃጭ ተጣብቋል። ቀመስኩት፤ የተቀቀለ ዘቢብ ነው የሚለው። አሥራ ሁለቱንም ከፈትኳቸው፤ አንዱም አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ ከቤዝመንቱ አንዱን ጥግ ከልዬ በወጉ ጓዳ ልሠራ ተነሳሁ። የማነበው ሁሉ ስለ ማቀዝቀዣ ማሽን ነበር፦ ስንት ዋት፣ ስንት ጠርሙስ፣ ስንት ዶላር። እኔ ደግሞ ማሽን ሳይኖር፣ በዚሁ በቨርጂኒያ ሙቀት ሰው እንዴት ወይን ጠጅ ያስቀምጥ እንደነበር ማወቅ ፈለግሁ። ለዚህ ከሞንቲቸሎ የተሻለ የለም። ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ያህል ነድተው የሚደርሱበት፣ ከሻርለትስቪል ከተማ በላይ ያለ ተራራ ነው። ባለቤቱ ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን፣ ከሠራው እስከ ጠጣው ድረስ ሁሉን በጽሑፍ የሚያስቀምጥ ሰው ስለነበር፣ የአንድ ቤት ጓዳ ከመሠረቱ እስከ መጨረሻው ጠርሙስ ምን እንደገጠመው ለመከታተል ያስችላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱ መሠራት የጀመረው በ1769 ነው። ጄፈርሰን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ጠበቃ ነበር። የተራራው ጫፍ አስቀድሞ ተደልድሏል፤ ጡቡ እዚያው ተቃጥሏል። የቆፈሩት፣ ጡቡን የሠሩትና ያመላለሱት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። ጓዳው የሚገኘው ከቤቱ በስተሰሜን በኩል፣ ከምግብ ክፍሉ ሥር ነው። ሰሜን መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። የምግብ ክፍሉና ከእሱ ቀጥሎ ያለው የሻይ ክፍል ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛዎቹ ናቸው። ጄፈርሰን በሁለቱ መሃል ብርዱን የሚይዙ ድርብ የመስታወት ተንሸራታች በሮች እስከማስገባት ደርሷል። ከላይ ላለው ሰው ችግር የሆነው ብርድ ከታች ላለው ወይን ጠጅ ሲሳይ ነው።

የአፈር ነገር እዚህ ላይ ነው የገባኝ። በቨርጂኒያ በሐምሌ ወር ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፣ በጥር ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አፈሩ ግን ይህን ወዲያውኑ አይሰማም። ጥቂት ሜትሮች ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ይጠፋል፣ የበጋና የክረምቱም እየጠበበ ሄዶ የአካባቢው የዓመት አማካይ ሙቀት ላይ ይረጋል። በሻርለትስቪል አካባቢ ይህ ወደ 14 ዲግሪ ነው። ዛሬ ለወይን ጠጅ የሚመከረው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ መሆኑን ስናስታውስ፣ በወፍራም ግንብ ተከቦ መሬት ውስጥ የተቀመጠ ክፍል ያለ ማሽን ወደዚያ ምን ያህል እንደሚቀርብ እናያለን።

ዋናው ነገር ደግሞ ቅዝቃዜው ሳይሆን አለመለዋወጡ ነው። ወይን ጠጅ ሲሞቅ ይሰፋል። በጠርሙሱና በቡሹ መሃል ያለችው የአየር ክፍተት ትንሽ ስለሆነች ግፊቱ ቡሹን ይገፋዋል፣ ጠብታም ያስወጣል። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደለም። በየቀኑ ሲደጋገም ግን ቡሹ ይላላል፣ አየሩ ወይኑን ያቃጥለዋል። የእኔ የውሃ ማሞቂያ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሳና እንደሚጠፋ ሳስብ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠርሙሶቹን ሳስተነፍሳቸው ኖሬያለሁ ማለት ነው።

እስከ 1780ዎቹ ድረስ የቨርጂኒያ ባለጸጎች ይህን ያህል አይጨነቁም ነበር። የሚጠጡት በአብዛኛው ማዴይራና ፖርት ነበር፤ አልኮል የተጨመረባቸው ጠንካራ ወይኖች ናቸው። ማዴይራማ በመርከብ ሙቀት ሲንገላታ ጭራሽ ይጣፍጣል ተብሎ የሚወደድ ነው። እንዲህ ያለ ወይን ጓዳው ቢሞቅም ባይሞቅም ግድ የለውም። ጄፈርሰን ከ1784 እስከ 1789 ፈረንሳይ ሲኖር ግን ምላሱ ተለወጠ። ቀለል ያሉትን የቡርጎኝ፣ የቦርዶና የሮን ወይኖች ለመደ። እነዚህ ደግሞ ሙቀት አይችሉም። ከዚያ ወዲያ ጓዳው የቤት ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የግድ ሆነ። እዚህ ላይ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር እላለሁ፦ ጓዳ ከመሥራትህ በፊት የምትጠጣውን እወቅ። በዓመት ውስጥ የሚያልቅ ርካሽ ወይን ወይም የቤት ጠጅ የምታስቀምጥ ከሆነ ጥላ ያለበት ቁም ሳጥን ይበቃሃል። ጠጃችን ለማቆየት አይደለም የሚጣለው፤ በሰዓቱ ነው የሚጠጣው።

በ1787 መጀመሪያ ላይ ጄፈርሰን ከፓሪስ ተነስቶ ከሦስት ወር በላይ በደቡብ ፈረንሳይና በሰሜን ጣሊያን ዞረ። የተሰበረ የእጅ አንጓውን በኤክስ ከተማ ማዕድን ውሃ ሊያስታምም ነበር የወጣው። የመዘገበው ግን ከጠበሉ ይልቅ ስለ ወይኑ ነው፦ አፈሩ፣ ተዳፋቱ፣ የሠራተኛው ምንዳ፣ የበርሜሉ ዋጋ። በግንቦት መጨረሻ ቦርዶ ደረሰ። ከቀዮቹ ማርጎን፣ ላቱርን፣ ኦብሪዮንንና ላፊትን በአንደኛ ረድፍ አስቀመጠ። በ1855 ፈረንሳዮች ይፋዊ ደረጃ ሲያወጡ አንደኞቹ እነዚያው አራቱ ሆኑ።

ከዚህ ጉዞ ያተረፈው ትልቁ ነገር የአገዛዝ ዘዴ ነው። በዚያ ዘመን ወይን ጠጅ ከአምራቹ በበርሜል ወጥቶ በነጋዴ እጅ ያልፋል። ነጋዴው ቀጭኑን ቦርዶ ከሮን ሸለቆ በመጣ ኤርሚታጅ በሚባል ጠንካራ ወይን መደባለቁ የታወቀ ነበር። መርከብ ላይም በርሜል ይበሳል፣ ይቀዳል፣ ይሞላል። ጄፈርሰን ስለዚህ በተቻለው መጠን ከአምራቹ ቤት እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ፣ ታሽጎ እንዲላክለት ማዘዝ ጀመረ። በ1790 ለራሱና ለፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በአንድነት ወደ ቦርዶ ትእዛዝ ሲልክ የዋሽንግተን ዕቃ «ጂ. ደብሊው.» የእሱ ደግሞ «ቲ. አይ.» ተብሎ ምልክት እንዲደረግበት ጻፈ። በዚያ ዘመን አጻጻፍ «አይ» እና «ጄ» ይወራረሱ ነበር። ይህቺን ትእዛዝ አንባቢ ያዝ አድርግልኝ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ቁልፉ። ጓዳው በደንብ የሚዘጋ ወፍራም በር ነበረው። በጄፈርሰን የኋለኛው ዘመን ቁልፉ በእጁ የነበረው ሰው በርዌል ኮልበርት ይባላል። በ1783 በባርነት የተወለደ፣ በሞንቲቸሎ በባርነት የኖረችው የኤልሳቤጥ ሄሚንግስ የልጅ ልጅ ነው። በልጅነቱ በሞንቲቸሎ የሚስማር መሥሪያ ሠርቷል። ቀለም ቀቢና መስታወት ገጣሚም ነበር። ጎልማሳ ሲሆን የቤቱ አዛዥ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ የትኛው ጠርሙስ እንደሚወጣ፣ ስንት እንደቀረ፣ የቱ እንደፈሰሰ የሚያውቀው እሱ ነው።

የእኛን የድሮ ቤተ መንግሥት የሚያውቅ ሰው ይህ ሹመት አይከብደውም። ጠጅ ቤቱ የራሱ ኃላፊ ነበረው። ጠጅ ጣዩ ሌላ፣ አሳላፊው ሌላ ነው። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ጓዳ ማለት መጀመሪያ እምነት ነው። በእናቶቻችን ቤትም የጓዳው ቁልፍ በማን መቀነት ላይ እንደሚታሰር ሁሉም ያውቅ ነበር። ሞንቲቸሎ ላይ ግን ልብ የሚሰብረው፣ ሙሉ እምነት የተጣለበት ሰው የራሱ ባለቤት አለመሆኑ ነው። እነዚያ በምድጃው ጎን ያሉ ሳጥኖች፣ ሌላው የሚሽከረከር መደርደሪያ ያለው በር፣ ሁሉም የተሠሩት ጠርሙሱና ምግቡ እንዲታይ፣ ያመጣው ሰው ግን እንዳይታይ ነው። ጎብኚዎች የፈጠራ ብልሃቱን ሲያደንቁ እሰማለሁ። እኔ ሳጥኑን ሳይ የማስበው ታች በጨለማው ውስጥ በሻማ ቆሞ የገመዱን ጥሪ የሚጠብቀውን ነው። የዚህን ጓዳ ታሪክ ሳይጠራው የሚያልፍ ሰው ግማሹን ትቶታል።

ሦስተኛው ነገር መዝገብ ነው። እኔ በቤቴ ፈጽሞ ያላሰብኩት ይህን ነበር። ጄፈርሰን ከ1767 ጀምሮ እስከ ሞተበት 1826 ድረስ ወጪውን በየቀኑ ይጽፍ ነበር። ለሰው የሚልከውን ደብዳቤ ቅጂ ያስቀር ነበር። ፕሬዚዳንት እያለ፣ በመጋቢት 1804 የጻፋት አንዲት ስሌት አለች፤ ማንም ጓዳ ሠሪ ግድግዳው ላይ ቢሰቅላት አይጎዳም። ከሻምፓኝ 247 ጠርሙስ ተቀብሎ 40 ቀርቶታል፣ ስለዚህ 207 ተጠጥቷል። በዚያን ጊዜ ውስጥ 651 ሰዎች ማዕድ ቀርበዋል። ይህም አንድ ጠርሙስ ለ3 ሰው ከአንድ ሰባተኛ ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ በዓመት 415 ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ 500 እንበለው አለና ዘጋው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ሂሳብ ሠራሁ። ሻጩ ያቀረበልኝ መደርደሪያ የ600 ጠርሙስ ነበር። በቤታችን በወር የሚከፈተው ስድስት ያህል ነው፣ ከዚያ ላይ የፋሲካና የገና፣ የልደትና የእንግዳ ሲጨመር በዓመት ወደ 100። ከመቶው አብዛኛው ከሱቅ መጥቶ በሳምንቱ የሚጠጣ ነው። ዓመታት የሚተኛው ከ20 አይበልጥም። የ150 ጠርሙስ ቦታ ለእኛ ሰፊ ነው። አንዲት የሁለት መቶ ዓመት ስሌት የግንባታ ወጪዬን ከግማሽ በላይ ቀነሰችልኝ።

መዝገቡ የሚያሞግስ ብቻ አይደለም፤ ያጋልጣልም። በስምንቱ የፕሬዚዳንትነት ዓመታት ለወይን ጠጅ ወደ 11,000 ዶላር አውጥቷል። የዓመት ደመወዙ 25,000 ዶላር ነበር፤ የቤተ መንግሥቱን እንግዳ የሚያስተናግደውም ከዚያው ላይ ነው። ወደ ሞንቲቸሎ ሲመለስ ዕዳው እየከበደ መጣ። ትእዛዞቹም ተለወጡ። ማርጎና ላፊት ቀርተው በማርሴይ ወደብ በኩል የሚመጡ የደቡብ ፈረንሳይ ወይኖች ቦታውን ያዙ፦ የሪቭሳልት ሙስካ፣ የሊሙ ነጭ፣ ቤርጋስ የሚባለው የማርሴይ ነጋዴ ደባልቆ የሚሸጠው ቀይ። ጓዳው ቀጠለ፣ ዋጋው ብቻ ወረደ። እኔ ይህን እንደ ውድቀት አላየውም። በጓዳ ውስጥ ያለው የባለቤቱን አቅም ቢመስል ምን ነውር አለው። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው።

በራሱ መሬት ወይን ለማብቀል የሞከረውም አልተሳካም። ፊሊፖ ማዜይ የተባለ ጣሊያናዊ በ1773 መጥቶ አጠገቡ ወይን ተከለ፤ በ1807 ጄፈርሰን ራሱ ከአውሮፓ የመጡ በርካታ ዝርያዎችን ተከለ። በአሜሪካ ያለውን ሥር የሚበላ ነፍሳትና ሻጋታ የአውሮፓው ሐረግ አይችልም ነበር። በአንጻሩ ቢራው ያዘለት። ከባርነት ሰዎቹ አንዱ የሆነው ፒተር ሄሚንግስ ጠመቃ ተምሮ በ1810ሮቹ ጎበዝ ጠማቂ ወጣው፤ ለቢራውም የተለየ ጓዳ ነበረ።

ጄፈርሰን ሐምሌ 4፣ 1826 ሞተ። አልጋው አጠገብ ከነበሩት አንዱ በርዌል ኮልበርት ነው። በሽተኛው ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ ማለቱን ሌሎቹ ሳይረዱት፣ እሱ ተረድቶ አስተካከለለት ይላል የቤተሰቡ ትረካ። ኑዛዜው አምስት ወንዶችን ነጻ አወጣ፤ ኮልበርት አንዱ ነው፣ 300 ዶላርም ተወለት። የኮልበርትን ልጆች ነጻ የሚያወጣ ቃል ግን አልነበረበትም። ዕዳው ከ100,000 ዶላር በላይ ስለነበረ በጥር 1827 የቤቱ ዕቃና 130 ሰዎች በሐራጅ ቀረቡ። ለብዙ ዓመታት ወይን ያስቀመጠው ጓዳ የማንን ዕዳ እንዳጠራቀመ የታየው በዚያ ቀን ነው።

ቤቱን በ1923 አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶ ለጉብኝት ከፈተው። ጓዳው ባዶ ነው ተብሎ ሲታሰብ በ1985 ሌላ ታሪክ መጣ። ሃርዲ ሮደንስቶክ የተባለ ጀርመናዊ ሰብሳቢ፣ ፓሪስ ውስጥ ግድግዳ ተደፍኖበት ከኖረ ምድር ቤት የተገኙ ናቸው ያላቸውን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጠርሙሶች አወጣ። መስታወቱ ላይ «ቲ. ኤች. ጄ.» የሚሉ ፊደላት ተቀርጸውበታል። ቤቱ የት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ታኅሣሥ 5፣ 1985 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ሐራጅ አንዱ፣ 1787 ላፊት የሚል የተጻፈበት፣ በ105,000 ፓውንድ ተሸጠ። ለአንድ ጠርሙስ እስከዚያ ያልተሰማ ዋጋ ነው። የገዛው ክሪስቶፈር ፎርብስ ነው፤ ለአባቱ ለማልኮም ፎርብስ ስብስብ።

ቀጥሎ የሆነው ጓዳ ለሚሠራ ሁሉ ትምህርት ነው። ጠርሙሱን ኒው ዮርክ ወስደው፣ አቁመው፣ መብራት አብርተውበት ለሕዝብ አሳዩት። የቆመ ጠርሙስ ቡሹን አያርስም። መብራቱ አሞቀው። ቡሹ ደርቆ ኮሰሰና ወደ ወይኑ ውስጥ ወደቀ። ሁለት መቶ ዓመት ጨለማ ውስጥ ተኝቷል የተባለው በብርሃን ብዙ አልቆየም። በ1989 ደግሞ ዊልያም ሶኮሊን የተባለ ነጋዴ በተመሳሳይ ስም የሚጠራ የ1787 ማርጎ ጠርሙስ ኒው ዮርክ ምግብ ቤት ይዞ ገብቶ፣ ከጠረጴዛ ጋር ተጋጭቶ ተሰበረበት። ኢንሹራንስ 225,000 ዶላር ከፈለ።

በዚያው ዘመን ቢል ኮክ የተባለ አሜሪካዊ ቱጃር አራት ጠርሙሶችን በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ነበር። በ2005 ቦስተን ሙዚየም ላይ ሊያሳያቸው ሲሰናዳ ማስረጃ ተጠየቀ። ወደ ሞንቲቸሎ ተጻፈ። መልሱ ከጄፈርሰን ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አላገኘንም የሚል ነበር። እነዚያው አጥኚዎች ገና በ1985 ጥርጣሬያቸውን ተናግረው ነበር። ጄፈርሰን ስሙን ሲያሳጥር ከ«ቲ. ኤች.» በኋላ ሁለት ነጥብ እንጂ አንድ ነጥብ አያደርግም። ያን ሁሉ ትእዛዝ፣ የሳጥኑን ምልክት ሳይቀር የጻፈ ሰው፣ እነዚህን ጠርሙሶች በየትኛውም ገጽ ላይ አላነሳቸውም።

ኮክ መርማሪ ቀጠረ። የፈረንሳይ የፊዚክስ ሊቅ ፊሊፕ ሁበር ጠርሙሱ ሳይከፈት ሲዝየም 137 የተባለውን ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ፈለገ። ይህ በተፈጥሮ የሌለ፣ የኒውክሌር ቦምብ ከመጣ በኋላ አየር ላይ የተበተነ ነው። አልተገኘም። ወይኑ ከ1945 በፊት ነው ማለት ነው፤ የ1787 ነው ማለት ግን አይደለም። መልስ የሰጠው ጽሑፉ ነው። የመስታወት ቅርጽ ባለሙያዎች ፊደላቱን አይተው በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር መሣሪያ የተቀረጹ ናቸው አሉ። ኮክ በ2006 ኒው ዮርክ ውስጥ ከሰሰ። ሮደንስቶክ እስከ መጨረሻው ክሱን አስተባበለ፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ግን አልተከራከረም፣ በሌለበት ተፈረደበት። በ2018 ሞተ።

የዚህ ሁሉ መፍቻ ጓዳው ሳይሆን መዝገቡ መሆኑ አይገርምም? ጓዳው ከተዘጋ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ውስጡ ምን እንደነበረና ምን እንዳልነበረ ሊመሰክር የቻለው ባለቤቱ ስለጻፈ ነው።

ወደ እኔ ጥግ ልመለስ። የመረጥኩት የቤዝመንቱን ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ነው፤ ሁለት ግድግዳው ከውጭ አፈር ያቀፈው። ከውሃ ማሞቂያውና ከልብስ ማጠቢያው ተቃራኒ ጫፍ ነው። ምንም ሳልሠራ በፊት አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር መሬት አጠገብ፣ ሌላውን ጣሪያ አጠገብ ሰቅዬ ዓመት ሙሉ በሳምንት አንዴ ጻፍኩ። ወለሉ ላይ በየካቲት 13፣ በነሐሴ 20 ዲግሪ ደረሰ። ጣሪያው አጠገብ ነሐሴ ላይ 24 ነበር። ጄፈርሰን ከላዩ ቀዝቃዛ ክፍል ነበረው፤ እኔ ከላዬ ወጥ ቤት አለ። ስለዚህ ያለ ማሽን አይሆንም፤ ግን ትንሹ ማሽን ይበቃል።

ስህተት ልሠራ የነበረው ግድግዳው ላይ ነው። እኔም ሆንኩ የቀጠርኩት አናጺ የእርጥበት መከላከያ ላስቲኩ ከጓዳው ውስጥ በኩል እንደሚደረግ ነበር የምናውቀው። ሞንቲቸሎ ላይ ድንጋዩና ጡቡ ራሱ እንደ አፈሩ ስለሚቀዘቅዝ፣ እርጥበቱም ቡሹን ስለሚጠቅም፣ እንዲህ ያለ ችግር የለም። ዘመናዊ የእንጨት ግድግዳ ግን በአንድ በኩል 13 ዲግሪ፣ በሌላው በኩል የቨርጂኒያ ሐምሌ ሲሆን፣ ሞቃቱ አየር እርጥበቱን ይዞ ወደ ቀዝቃዛው ይገፋል። ላስቲኩ ከውስጥ ከሆነ ውሃው ግድግዳው መሃል ይጠራቀማል፣ ሙቀት የሚከላከለው ፎም ይርሳል፣ እንጨቱ ይሻግታል። ላስቲኩ መሆን ያለበት ሞቃቱ በኩል፣ ማለትም ከጓዳው ውጭ ነው፤ ጣሪያውንም ጨምሮ፣ መጋጠሚያው ሁሉ በቴፕ ተዘግቶ። አንድ ቀን ሙሉ የተሰፋውን አፍርሰን መለስነው። በሩም እንደ ውጭ በር ወፍራም፣ ዙሪያው ጎማ ያለው፣ ከሥሩ ብርሃን የማያሾልክ ሆነ። የማሽኑ ትኩስ አየር ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል በቱቦ ይወጣል፤ እዚያው ጓዳው ውስጥ ቢለቀቅ ራሱን ሲያሳድድ ይውል ነበር።

መብራቱ አንድ አነስተኛ አምፑል ነው፣ ሲወጡ የሚጠፋ። ጠርሙሶቹ ይተኛሉ። ቁልፍ አላበጀሁለትም፤ ልጄ አሁን 11 ዓመቷ ነው፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ይታሰብበታል። በሩ አጠገብ በሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ባለ መስመር ደብተር አለ። የተገዛበት ቀን፣ ከየት፣ በስንት፣ የተከፈተበት ቀን፣ ከማን ጋር። ባለቤቴ እጇን ታጥባ የመጀመሪያውን ገጽ አሰመረችው። እስካሁን 31 መስመር ተጽፏል፤ ዘጠኙ ተሰርዘዋል። ለምረቃው የገዛነው አዲሱ ሳጥን ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ወለሉ አጠገብ ነው።